በረኪናን መርጨት ይሻላል ወይስ በጨርቅ መጥረግ?

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ስሠራ፣ ጠዋት ጠዋት እንስል ነበር። ጉንፋን መስሎን ነበር። ለካ በረኪናው ነው፤ በተለይ መርጨቱ።

መርጨት ይፈጥናል። አልጋውም የበር እጀታውም በአንዴ ይረጥባል። ግን ደቃቅ ጠብታዎቹ አየር ላይ ይቆያሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ሳንባዋ ትስባቸዋለች። አስም ካለባት ይቀሰቀስባታል። ባይኖርባትም ከጊዜ ብዛት ሊጀምራት ይችላል። ማስክ አድርጋለች ብለን አንዘናጋ። ተራው የሕክምና ማስክ ከበረኪናው የሚወጣውን ጋዝ አያስቀርም። ኤን95 የሚባለው ጠንከር ያለ ማስክ እንኳ የሚይዘው ብናኝና ጠብታ እንጂ የክሎሪን ጋዝ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

በጨርቅ መጥረግ ክንድ ያደክማል። ሆኖም ወደ አየር የሚወጣው በጣም ያነሰ ነው፤ ቆሻሻውንም አብሮ ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በኮቪድ ወቅት ቤት ውስጥ ከመርጨት ይልቅ በጨርቅ መጥረግን መክሯል።

እኔ ጨርቁን እመርጣለሁ፤ ቢዘገይም ይዘግይ። ደም ለፈሰሰበት ቦታ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ አድርጉ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። መስኮት ክፈቱ። ከአሲድ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉት፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።