ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ጆርናል ለምታዘጋጁ

አንዲት እህታችንን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች።

ጥቂት መምህራን ሆነን የምናዘጋጃት ጆርናል አለችን። ድረ ገጹን መጀመሪያ የሠራልን ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያስረክበን ጠፋ። የዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) ክፍያ ጊዜው አለፈና አንድ ቀን ጠዋት ስንከፍተው የለም! የስድስት ዓመት ልፋት በየሰዉ ፍላሽ ተበትኖ ቀረ። ጸሐፊዎቹ «ለደረጃ እድገት ሊንኩን አምጡ ተባልን» እያሉ ሲደውሉልኝ የምመልሰው አጣሁ።

እሷ ግን «አብሽሩ ጋሼ፣ ይሰበሰባል» አለችኝ። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚባለውን የጆርናል ማዘጋጃ ጫነችልን። ካናዳ የተጀመረው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ያዘጋጀውና በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ለሶፍትዌሩ ብላ አንድ ብር አልተቀበለችንም፤ የሰርቨሩን፣ የዶሜይኑንና የድካሟን ዋጋ ለየብቻ ጽፋ ሰጠችን። አሁን ጽሑፍ መቀበሉም፣ ለገምጋሚ መላኩም፣ እርማቱም እዚያው ነው። አንባቢም ሳይከፍል ያወርዳል።

አንጀቴን ያራሰችው በስማችን ጉዳይ ነው። እኛ የራሳችንና የአባታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባትን ስም ሲስተሙ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ስንሞላ ሰዉ በአባቱ ስም ይጠቀስ ነበር። ሳጥኑን መሙላት ግዴታ እንዳልሆነ አሳየችን፤ አሁን ሁሉም በሙሉ ስሙ ይወጣል። የድሮዎቹ ጽሑፎች ደግሞ ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ስለነበሩ፣ ርዕሳቸውን ኮፒ ስታደርጉት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ርዕሱንም አኅጽሮቱንም አንድ በአንድ እንደገና ተየበችው። ይህን አድርጊልን ያላት የለም።

ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ሁሉ አስረከበችን። መጠባበቂያ አያያዙንም ጸሐፊያችንን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረቻት፤ «ዳታቤዙን ብቻ ብትይዙ ጽሑፎቹ አይመለሱም፣ የፋይሎቹ ፎልደር ለብቻው ነው» ብላ ሁለቱንም በእጇ አስገለበጠቻት። ክብረት ይስጥልን እህቴ!

ብቻዋን ስለምትሠራ ወረፋ አለ፣ ታገሱ። ከመሄዳችሁ በፊት የድሮ እትሞቻችሁን አንድ ፍላሽ ላይ ሰብስቡ። ስልኳን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ።