የፑል ድንጋይ መጋጠሚያ፦ ሰም ይሻላል ስቱኮ?

ፑል ቤት ያላችሁ ልጆች ጨርቅ ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን እዩት። ከጨርቁ ስር ያለው የትልቁ ጠረጴዛ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ባለ 3 ቁራጭ ነው፣ መጋጠሚያው በደንብ ካልተሞላ ኳሷ ቀስ ብላ ስትሄድ እዛ ጋ ነጠር ትልና መስመሯን ትስታለች።

ስቱኮ፣ ያው የመኪና ቦዲ የሚሞላበት፣ ጋራዥ ሁሉ አለ፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሙቀትም አይበግረውም። ችግሩ ጠረጴዛው ትንሽ ከተነቃነቀ ይሰነጠቅና ፍርፋሪው ጨርቁ ስር ጉብ ጉብ ይላል፣ ቤት ስትቀይሩ ደሞ ድንጋዩን ለማለያየት በመሮ ስትሉት ጠርዙ ይሸረፋል፣ እኔ የጥፍር ያህል ድንጋይ ከነስቱኮው ተነቅሎ ሲመጣ አይቼ አንጀቴ ነው ያረረው።

ንጹህ የንብ ሰም፣ ያው ጧፍ የሚሠራበት፣ 62 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ድንጋዩን ትንሽ ሞቅ አድርጋችሁ ስታፈሱት ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ትርፉን በስፓቱላ መላጥ ነው፣ ከዛ አይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን አሻግሩበት፣ መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ ካልታወቃችሁ ልክ ነው። በጣም ሞቃት አገር ሊለሰልስ ይችላል፣ ቢሆንም መልሶ ማስተካከሉ ቀላል ስለሆነ እኔ ሰም ነው የምለው። ብቻ መጀመሪያ ውሃ ልኩን አስተካክሉ፣ የተዛነፈ ድንጋይ ሁለቱም አያቃኑትም።