ባለ 24 ሊትር ኮምፕሬሰር፣ በአየር የሚሠራ ሞተር ለምትሠሩ

ይሄን ያለ ዘይት የሚሠራ ባለ 24 ሊትር ኮምፕሬሰር የገዛሁት ጎማ ልነፋበት ወይ ቀለም ልረጭበት አይደለም፣ እቤት የምሠራቸውን ትናንሽ የአየር ሞተሮች ላስነሳበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁም ከዛ አንጻር ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እንዳያጓጓችሁ። ሲሊንደሩ ራሱ እየተወዛወዘ የአየር ቀዳዳውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቀላሉ ሞተር እኮ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃዋል፣ ብዙ ከጨመራችሁበት ሲሊንደሩን የያዘው ስፕሪንግ ይሸነፍና አየሩ በጎን ያመልጣል። ዋናው ነገር የአየሩ መጠን ነው። የኔ ሲሊንደር የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሜ፣ ፒስተኑ የሚሄደው 20 ሚሜ ነው፣ በ2 ባር በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር፣ ሳይታመቅ ሲለካ በደቂቃ 7 ሊትር ምናምን አየር ይበላል። ታንኩ ደግሞ ከ8 ወደ 2 ባር እስኪወርድ በዚሁ ልኬት 144 ሊትር ይሰጣል (24 ሊትር ሲባዛ በ6 ባር)፣ በሂሳብ 20 ደቂቃ ነው፣ እኔ ያገኘሁት 13 ነው፣ ቀሪው በየመገጣጠሚያው ያፈሳል። ግን ኮምፕሬሰሩን በእጅ አጥፍታችሁ (ካላጠፋችሁት ግፊቱ ሲወርድ ራሱ ይነሳል፣ ጩኸቱ ደግሞ አይጣል ነው) ሞተሩ ብቻውን ቲክ ቲክ እያለ ሲዞር መስማት በጣም ደስ ይላል፣ ለዛ 13 ደቂቃ ስል ብቻ ድጋሚ እገዛዋለሁ።

የማልወድለት ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የሚወጣውን አየር ግፊት የሚያስተካክለውን ነው። ከ1 ባር በታች ቀስ ብላችሁ ልታስተካክሉት ስትሞክሩ ወይ ይዘጋል ወይ ዘሎ 2 ይገባል፣ አዲስ ሞተር መጀመሪያ የሚሞከረው ደግሞ በትንሽ ግፊት ስለሆነ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ሌላ ሬጉሌተር ለብቻው ገዝቼ ቀጠልኩበት። ሌላው፣ አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፣ ሥራ ስትጨርሱ ከታች ያለውን ቡሽ ፈታችሁ ካላፈሰሳችሁት ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል። አየሩም ዘይት ስለሌለው ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት መግቢያው ላይ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት አደርጋለሁ።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ለአንድ ሲሊንደር ግን። አሁን የጀመርኩት ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ፒስተኑ በሁለቱም በኩል የሚገፋ ነው፣ አራት እጥፍ አየር ስለሚፈልግ ይሄ ታንክ ከ3 ደቂቃ ብዙም አያልፍለትም፣ ስለዚህ ተጨማሪ ታንክ ልቀጥልበት ነው፣ ለግፊት ተብሎ ፋብሪካ የተሠራ፣ ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊቱ ሲበዛ ራሱ የሚያስተነፍስ) ያለው። በፒቪሲ ቧንቧ ታንክ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ፒቪሲ የታመቀ አየር ይዞ ሲፈነዳ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ነው የሚበተነው።