የአሽ ዛፋችንን ያከመልን አገልግሎት፦ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

በሠፈራችን ከነበሩት የአሽ ዛፎች አብዛኞቹ ኤመራልድ አሽ ቦረር በሚባለው አረንጓዴ ጢንዚዛ ተበልተው ስለተቆረጡ፣ እናቴ በሙቀቱ ወራት ከሥሩ የምትቀመጥበትን የእኛን ዛፍ ለማዳን አንድ የዛፍ ሕክምና ድርጅት ጠራሁ። ጢንዚዛው ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መኖሩ በ2002 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት አካባቢ ታወቀ፣ በ2009 ደግሞ እዚህ ሴንት ፖል ተገኘ።

የመጣችው ባለሙያ መድኃኒቱን ከማውጣቷ በፊት ዛፉ በእርግጥ አሽ መሆኑን አጣራች። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ይዛ፣ ቀንበጦቹ ፊት ለፊት እየተያዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው መብቀላቸውን፣ በአንድ ዘንግ ላይም 7 ትናንሽ ቅጠሎች መደርደራቸውን አሳየችኝ። ጎረቤታችን ሊያሳክመው ያሰበው ማውንቴን አሽ በስም ብቻ አሽ እንደሆነና ጢንዚዛው እንደማይነካው የነገረችንም እሷ ናት። ከዚያ የወደቀ ቅርንጫፍ አንሥታ ቅርፊቱን በቢላዋ ስትልጠው፣ የጢንዚዛው እጮች የቦረቦሩት እንደ እባብ የተጠማዘዘ መስመር ወጣ፤ በቅርፊቱ ላይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መውጫ ቀዳዳ ነበር። ዛፉን የሚገድሉት እነዚህ እጮች ናቸው፤ ውኃና ምግብ የሚያልፍበትን ክፍል ይበጣጥሱታል።

ዋጋው የሚሰላው በግንዱ ውፍረት በመሆኑ ግንዱን ለካች፤ ቀጥላም ከመሬቱ አጠገብ ዙሪያውን በመሰርሰሪያ ጠባብ ቀዳዳዎች ከፍታ ኤማሜክቲን ቤንዞኤት የተባለውን መድኃኒት በግፊት አስገባች። በየዓመቱ አፈር ላይ የሚፈስስ ሌላ መድኃኒት ቢኖርም፣ ይኸኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ስለሚያገለግልና እኛም ከዛፉ አጠገብ ጎመንና ቃሪያ ስለምንተክል በምርጫዬ ደስተኛ ነኝ።

ቅር ያሰኘኝ የቢሮው ሥራ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ስለሚስብ አስቀድመን ውኃ እንድናጠጣ ሊነግሩን ይገባ ነበር፤ ስላልነገሩን ባለሙያዋ ካሰበችው በላይ ስትጠብቅ ዋለች። የመድኃኒቱን መጠንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ የያዘው ወረቀት የደረሰኝም ሁለት ጊዜ ደውዬ ነው።

ሆኖም በጓሯችን ያለው ሁለተኛ አሽ ከቅርንጫፎቹ ከሲሶ በላይ ደርቆ ስለነበር፣ እሱን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው ብላ ሳትወጋው ተወችው። የምታጣው ክፍያ እያለ እውነቱን ስለነገረችን ድርጅቱን ለዘመዶቼ እጠቁማለሁ። ስትሄድም፣ ጢንዚዛው ሩቅ የሚጓዘው በማገዶ ነውና፣ ዛፉ ሲቆረጥ እንጨቱን ለካምፕ እሳት ወደ ሌላ አካባቢ እንዳንወስድ አስጠነቀቀችን።