የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከ14 ወር በኋላ፦ ዋስትናው ጅማ አይደርስም

መኪናውን ከአዲስ አበባ ወደምኖርበት ጅማ እየነዳሁ የመጣሁት በነሐሴ 2016 ነው። ይኸው 14 ወር ሞላው፣ 23,400 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ። የቻይና ስሪት ነው፣ ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት። የሻጩን ድርጅት ስም አልጽፍም፣ ጉዳያችን ገና አላለቀም። ግን ከጅማም ሆነ ከሌላ የክፍለ ሀገር ከተማ ተነስታችሁ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የደረሰብኝን አንብቡት።

ኤሌክትሪክ የገዛሁት ብዙ አማራጭ ስላልነበረኝ ነው። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ በኋላ ያገለገለ ቪትዝ እንኳን ዋጋው አልቀመስ አለ። የቤንዚን ሰልፉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፋርማሲ አለኝ፣ በሳምንት ሁለቴ ለሥራ አጋሮ እመላለሳለሁ። ለዚህ መንገድ መኪናው በጣም ተስማምቶኛል። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ዘይት ቅያሪ የለው። 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለው የሸጡልኝ ግን እኔ እጅ ላይ 370 ቢሄድ ነው። 500 ያሉት በቻይና መለኪያ የወጣ ቁጥር ነው፣ እንደኛ ዓይነት ዳገት ላይ አይሠራም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጊቤ በረሃ ወርዳችሁ ከዚያ ስትወጡ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ላይ ግን እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ትንሽ ይመልስላችኋል፣ ፍሬኑም አይግልም። ይሄን እወድለታለሁ።

የመጀመሪያው ችግር በስድስተኛው ወር መጣ። ጠዋት ልወጣ ስል ሪሞቱ አይሠራ፣ በሩ አይከፈት፣ ስክሪኑ ጨለማ። ማታ ሳቆመው 81 ፐርሰንት ነበር! ለካ የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩን የምታስነሳውና ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት፣ እሷ ከሌለች ትልቁ ቢሞላም ዋጋ የለውም። ዋስትና የላትም አሉኝ። ወረቀቱን ሳየው እውነታቸውን ነው፣ ከኪሴ ቀየርኩ። የፊት ጎማ ኩሽኔታም መጮህ ጀምሮ እዚሁ ጅማ አስቀይሬዋለሁ፣ እሱን ለመንገዳችን ትቼዋለሁ።

ያቃጠለኝ ግንቦት 2017 ላይ የጀመረው ነው። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ተኛሁ፣ ጠዋት 34 ፐርሰንት ላይ ቆሟል። መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ ስልኬን እያበራሁ ግቢ ወጣሁ። መብራት አለ። የቻርጀሩ ሳጥን ላይ ግን አረንጓዴዋ ጠፍታ ቀይዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነቅዬ ስሰካው "ቋ" ብሎ ይጀምራል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው መልሶ ያቆማል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሌሊት ሁለት ሦስቴ እየተነሳሁ፣ በዝናብ እየወጣሁ ስነቅል ስሰካ ከረምኩ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ እስቲ ባለቤትሽን አገናኚኝ" አለኝ። መኪናው የኔ ነው፣ ሊብሬው በኔ ስም ነው፣ ብሩንም የከፈልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ "የጅማ መብራት ይዋዥቃል፣ ይሄ የዋስትና ጉዳይ አይደለም" አለ። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መኪናውን በዓይኑ ሳያይ!

የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ሦስት ቀን በተለያየ ሰዓት ለካው፣ ከ208 እስከ 226 ቮልት ነው፣ መብራቱ ደህና ነው ማለት ነው። ይሄን ስነግራቸው "እንግዲያውስ ውሃ ገብቶበት ነው" አሉ። መኪናው የሚያድረው ቆርቆሮ ሥር ነው። በመጨረሻ የረዳኝ ያንኑ ሞዴል የሚነዳ የአጋሮ ደንበኛዬ ነው። ለመንኩት፣ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። የሱን መኪና በኔው ሶኬት፣ በኔው ቻርጀር ሰካነው። ከማታ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት አንዴም ሳይቋረጥ ሲሞላ አደረ። የኔን ስንሰካው በ17 ደቂቃ ቆመ። ሁለቱንም በቪዲዮ ቀረጽኩ። ስለዚህ የተበላሸው መኪናው ውስጥ ያለው፣ የቤቱን መብራት (ኤሲ) ባትሪው ወደሚቀበለው (ዲሲ) የሚቀይረው ክፍል ነው ማለት ነው።

ቪዲዮውን ልኬ አንድ ሳምንት ዝም አሉኝ። ያን ጊዜ ጠበቃ የሆነች ዘመዴ ስልኩን ተይውና ጻፊ አለችኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያሳውቅ ይላል፣ ካሳወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን ካልጠየቀ ያጣዋል። እኔ በስልክ ስጮህ የከረምኩትን ደግሞ በምን አስረዳለሁ? ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የለካነውን ቮልት ከነቀኑ ዘረዘርኩ። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ በእጁ ወስዶ ኮፒው ላይ አስፈርሞና ማህተም አስደርጎ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንቺ" የሚለኝ ሰውዬ "እርስዎ" ይለኝ ጀመር።

ዋስትናውን ተቀበሉ። ግን ስገዛ ያላነበብኩት አንድ መስመር ነበር፦ ጥገናው በድርጅቱ ጋራዥ፣ ማጓጓዣው በደንበኛው። በትልቁ የተጻፈው "8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር" ዋናውን ባትሪ ብቻ ነው የሚመለከተው። ሌላው 2 ዓመት ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ድረስ ላመጣው ሰው። ቻርጅ የማይቀበል መኪና እንዴት አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል? ጎትቶ መውሰድም አይቻልም፣ የሚነዱት ጎማዎች ሲሽከረከሩ ሞተሩም አብሮ ዞሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሌላ ብልሽት ያመጣል። ጭነት መኪና ላይ አስጭኜ በ35 ሺህ ብር ላክሁት። መለዋወጫው ከቻይና እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሰባት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት በካርቶን ይዤ በሚኒባስ አጋሮ ተመላለስኩ።

አሁን መኪናው በደንብ ይሠራል፣ የመሸጥ ሐሳብም የለኝም። ልትገዙ ከሆነ ግን ቀለሙንና ስክሪኑን ከማየታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ጅማ ላይ ቢበላሽ ማን መጥቶ ያየዋል፣ የማጓጓዣውንስ ማን ይከፍላል? መልሱን ውሉ ላይ አስጽፉት። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ከሆነ በአምራቹ ዋስትና አትተማመኑ፣ እዚህ ያላችሁ ሻጩ ፈርሞ የሰጣችሁ ብቻ ነው።

35 ሺህ ብሩን እንዲመልሱልኝ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ጉድለቱ የነሱ ከሆነ ጉድለቱ ያመጣው ወጪስ የማን ነው? መልስ አልሰጡኝም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ማህተም ሰኔ 9 ቀን 2017 ይላል። እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ አለኝ፣ ደረሰኞቹንም አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ።