ከስቴት ወደ ስቴት ዕቃ ለምታስጭኑ፦ የመኪናው በር ሳይዘጋ ማወቅ ያለባችሁ

አሜሪካ ውስጥ ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ፣ ከቨርጂኒያ ወደ ጆርጂያ ወይም ከሚኒሶታ ወደ ኔቫዳ ለመዛወር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ማጭበርበሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በስልክ ርካሽ ዋጋ ይነገራችኋል፣ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው ይጫናል፣ ከዚያ ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ «ካልከፈላችሁ አናወርድም» ይከተላል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሕጉ ከእናንተ ጋር ቢሆንም ዕቃው እነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመጫኑ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ ማን ጋር እየተነጋገራችሁ እንደሆነ እወቁ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ከምታገኟቸው «ሙቪንግ ካምፓኒዎች» ብዙዎቹ አንድም መኪና የሌላቸው ደላሎች ናቸው። ድለላ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ግን የፌዴራሉ ደንብ ደላላው ደላላ መሆኑን እንዲናገር፣ የሚያሠራቸውን ጫኝ ድርጅቶች ዝርዝር እንዲሰጥ፣ ቀብዱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። «ዕቃዬን የሚጭነው የራሳችሁ መኪና ነው ወይ? የድርጅቱ የዩኤስዲኦቲ ቁጥር ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ቁጥር የፌዴራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ ጫኝ ድርጅት የሚሰጠው መለያ ነው። መልሱ «በመላ አገሪቱ ኔትወርክ አለን» የሚል ከሆነ የምታናግሩት ደላላ ነው።

ዋጋው ለምን እንደሚዘል ለመረዳት ሒሳቡን ተመልከቱ። ለምሳሌ ደላላው ዕቃችሁን 400 ኪዩቢክ ፊት (ዕቃው መኪናው ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ) ብሎ፣ አንዱን በ5 ዶላር አስልቶ 2,000 ዶላር ነገራችሁ እንበል። 700 ዶላር ቀብድ ወሰደ። ያ ቀብድ ኮሚሽኑ ነው፤ ለጫኙ የሚደርሰው 1,300 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ብር ነዳጅ ገዝቶ፣ ሾፌርና ጫኝ ከፍሎ ግማሽ አገር አቋርጦ አያተርፍም። ሥራውን የተቀበለው በራችሁ ላይ ሲደርስ «ይሄ 700 ኪዩቢክ ፊት ነው» ብሎ 3,500 ሊያደርገው ነው። ደላላው ያኔ ስልክ አያነሳም፤ ቢያነሳም «ከጫኙ ጋር ተነጋገሩ» ይላችኋል። ከሌሎቹ ሁሉ በጣም የረከሰው ዋጋ እንዲያውም ሊያስፈራችሁ ይገባል።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ማጣራቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከስቴት ስቴት የሚጭን ድርጅት ሁሉ የፌዴራሉ የጭነት ተሽከርካሪ ደኅንነት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ ዘንድ መመዝገብ አለበት። «ሴፈር» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ቁጥሩን አስገቡና አራት ነገር ተመልከቱ። «ኢንቲቲ ታይፕ» ላይ ካሪየር (ጫኝ) ነው ወይስ ብሮከር (ደላላ)? ፈቃዱ የሚሠራ ነው? ከሚጭናቸው ዕቃዎች ውስጥ «ሃውስሆልድ ጉድስ» (የቤት ዕቃ) ላይ ምልክት አለ? «ፓወር ዩኒትስ» የሚለው ስንት መኪና ያሳያል? «በ50ውም ስቴት እንሠራለን» የሚል ድርጅት ሁለት መኪና ካስመዘገበ ቀሪውን የሚጭንለት ሌላ ሰው ነው። ፈቃዱ የወጣበትንም ቀን እዩ። ቅሬታ ሲበዛባቸው ስም ቀይረው አዲስ ቁጥር የሚያወጡ አሉ፤ «ለ20 ዓመት ሠርተናል» ብሎ ፈቃዱ የስምንት ወር ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። አድራሻውንና ስልኩን ለብቻው ፈልጉት፤ አንዳንዴ ከሌላ ስም ጋር ተያይዞ ይወጣል።

«ወገን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ» ተብሎ ለሚቀጠር ባለ ቦክስ ትራክም ይኸው ነው። እየተከፈለው የሰው ዕቃ ከስቴት ወደ ስቴት የሚጭን ሁሉ ምዝገባና ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። ጥሩ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ግን ዕቃችሁን የሚተካላችሁ ትውውቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው። ግምቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከዚያም በፊት ዕቃውን ማየት አለባቸው፣ ቤት መጥተው ወይም በቪዲዮ። ሳያዩ ሊገምቱ የሚችሉት እናንተ መብታችሁን በፊርማ ከተዋችሁ ብቻ ነው። ያቺ ፊርማ ብዙ ጊዜ በስልካችሁ ከሚላከው የኤሌክትሮኒክ ውል መሃል ተቀምጣለች፤ ሰው ደግሞ «እዚህ ንኩ» የሚለውን እየነካ ያልፋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ውሉን በኢሜይል አስልካችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡ እንጂ ሻጩ ስልክ ላይ ቆሞ እያጣደፈ አትፈርሙ።

ግምት ሦስት ዓይነት ነው። «ባይንዲንግ» የሚባለው የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ በውሉ ለተዘረዘረው ዕቃና አገልግሎት ከዚያ በላይ አትከፍሉም። «ነን ባይንዲንግ» ትክክለኛው ክብደት ከታወቀ በኋላ የሚስተካከል ነው። ሦስተኛው «ኖት ቱ ኤክሲድ» ሲሆን ክብደቱ ካነሰ ዋጋው ይቀንሳል፣ ከበለጠ ግን አይጨምርም፤ ለደንበኛ የሚሻለው እሱ ነው። የተቆረጠ ዋጋ አገኘሁ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ወጥመዱ የዕቃው ዝርዝር ውስጥ ነው። 45 ካርቶን እንዳላችሁ እየተናገራችሁ ሻጩ ዋጋውን ለማሳነስ 15 ብሎ ይጽፋል። ጫኞቹ መጥተው 45 ሲያዩ «ውሉ ይሄን አይልም» ብለው አዲስ ዋጋ ያወጣሉ። ስለዚህ ዝርዝሩን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፦ ካርቶን በመጠኑ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ በረንዳ ላይ ያለው ወንበር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳው ሻንጣ ሳይቀር። ደረጃ፣ ሊፍት፣ ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለው ርቀትም ይጻፍ። ትልቁ ተሳቢ መንገዳችሁ ውስጥ መግባት ካልቻለ «ሸትል» ብለው በትንሽ መኪና ለማመላለስ ያስከፍላሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ዋጋው ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ አስጽፉ።

ከኪዩቢክ ፊት ይልቅ በክብደት የሚያሰላ ድርጅት ፈልጉ። ክብደትን ሚዛን ያረጋግጠዋል፤ ስፋትን ግን ጫኙ በዘፈቀደ አላልቶ በመደርደር ማሳበጥ ይችላል። የግድ በስፋት ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ቁሙ። የመኪናው ውስጥ ወርዱም ቁመቱም ወደ 8 ጫማ ነው ብንል፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ እያንዳንዱ የርዝመት ጫማ 64 ኪዩቢክ ፊት ነው። 400 ኪዩቢክ ፊት ከስድስት ጫማ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ 700 ደግሞ ወደ 11 ጫማ ይወስዳል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ፎቶ አንሱት። በሙያው የተለመደው ስሌት ለአንድ ኪዩቢክ ፊት 7 ፓውንድ ስለሆነ፣ 400 ማለት 2,800 ፓውንድ ገደማ ነው።

ሚዛኑም የራሱ ተንኮል አለው። መኪናው ሁለት ጊዜ ይመዘናል፣ ዕቃችሁ ሳይጫንና ከተጫነ በኋላ፤ ልዩነቱ የእናንተ ነው። ሲመዘን ሾፌሩና ጫኞቹ መውረድ አለባቸው፣ ጋሪውና ብርድ ልብሱ በሁለቱም ጊዜ ላዩ ላይ መሆን አለበት። የነዳጅ ታንኩም ሁለቱንም ጊዜ ሙሉ መሆን ወይም ባዶው ከተመዘነ በኋላ ነዳጅ አለመቀዳት አለበት። 100 ጋሎን ናፍጣ ወደ 700 ፓውንድ ይመዝናል፤ በመሃል ታንክ ሞልቶ የሚመጣ ሾፌር ነዳጁን እንደ ሶፋ ያስከፍላችኋል። ሲመዘን የመገኘት መብት አላችሁ፤ ከመውረዱ በፊት በነጻ እንደገና ይመዘን ማለትም ትችላላችሁ፣ ሒሳቡም በሁለተኛው ሚዛን ይሠራል።

የጭነቱ ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የመኪናውን በር እዩ። የተጻፈው ስምና የዩኤስዲኦቲ ቁጥር ከውላችሁ ጋር አንድ ነው? የኪራይ መኪና ከሆነና ስም ከሌለበት ሰሌዳውን ፎቶ አንሱና ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ድርጅቱ ዕቃው ከተዘረዘረው በዝቷል ካለ፣ አዲስ የጽሑፍ ግምት ማቅረብ ያለበት መጫን ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተጫነ በኋላ ዋናውን ግምት እንደተቀበለ ይቆጠራል። አጭበርባሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ግማሹን ጭነው ታብሌት ያቀርቡላችኋል፤ «ለመጀመር ብቻ ነው» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ካርቶን ሳይነሳ «የመጨረሻው ዋጋ ይኸው ነው?» በሉ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አዲሱ ዋጋ ካልጣማችሁ አሰናብቷቸው። ቀብዱ ይቀራል ብላችሁ አትሥጉ፤ ከ700 ዶላር ቀብድ ጋር መለያየት ሙሉ ቤታችሁ ተይዞ ከመደራደር ይሻላል። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ ፈጽሞ አትፈርሙ።

ዕቃው ሲወጣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ይለጠፋል፣ ዝርዝሩም ላይ ይመዘገባል። እዚያ ላይ ሾፌሩ በአጭር ምልክት የዕቃውን ሁኔታ ይጽፋል። አዲስ ሶፋችሁን «የተጫረ፣ የተሰነጠቀ» ብሎ ከሞላው በኋላ ለደረሰ ጉዳት መጠየቅ ይከብዳችኋል። ከጎኑ «አልስማማም» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ራሳችሁ ያሸጋችሁት ካርቶን «ፒ ቢ ኦ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ውስጡ ያለው ቢሰበር ማስረዳቱ ይከብዳል። ፓስፖርት፣ የዜግነት ወረቀት፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ከእናንተ ጋር ይሂድ።

የማስረከቢያውን ቀን በተመለከተ፣ «ከመቼ ጀምሮ መቀበል ትችላላችሁ?» ሲሏችሁ የምትጽፉት ቀን ቆጠራው የሚጀምርበት ነው። ብዙ ውሎች ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ 21 የሥራ ቀን ይሰጧቸዋል፤ ይህ ማለት አንድ ወር ገደማ ፍራሽ ሳይኖር ማለት ነው።

ክፍያ በክሬዲት ካርድ ይሁን። በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ የሄደ ብር አይመለስም።

ዕቃው ሲደርስ ተጨማሪ ከጠየቁ ልኩ ይህ ነው። የተቆረጠ ዋጋ ከሆነ የግምቱን 100 ከመቶ፣ የሚስተካከል ከሆነ 110 ከመቶ ከፍላችሁ ዕቃውን ሊያወርዱ ይገደዳሉ። ግምቱ 3,000 ዶላር ከነበረ በር ላይ ከ3,300 በላይ መጠየቅ አይችሉም፤ ቀሪ ካለ ከ30 ቀን በኋላ ሒሳብ ይልካሉ። እንደ ሸትል ላሉ አስገዳጅ ሥራዎች በዕለቱ የሚቀበሉት ከሌላው ክፍያ 15 ከመቶ አይበልጥም። ከዚህ ውጭ ዕቃ መያዝ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 10,000 ዶላር የሚያስቀጣ ሲሆን እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ይቆጠራል። ሾፌሩ ጋር አትጨቃጨቁ። «100 ከመቶውን (የሚስተካከል ከሆነ 110 ከመቶውን) ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፣ ዕቃዬን አውርዱ» ብላችሁ ለድርጅቱ በጽሑፍ መልእክትና በኢሜይል ላኩ፤ የጽሑፍ ማስረጃ ያ ነው። ከዚያ ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ ዘንድ በ1-888-368-7238 ደውላችሁ አመልክቱ፣ ለስቴታችሁ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም ጻፉ። ፖሊስ ብዙ ጊዜ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ይላል፤ ቢሆንም መጥቶ ሪፖርት ይያዝላችሁ። የግድ ከከፈላችሁ ደረሰኙ ላይ «አንደር ፕሮቴስት» (እየተቃወምኩ የከፈልኩት) ብላችሁ ጻፉ።

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለን» የሚለውንም አትመኑ። ያለ ክፍያ የሚሰጠው ሽፋን ለአንድ ዕቃ በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው። 50 ፓውንድ የሚመዝን የ1,200 ዶላር ቴሌቪዥን ቢሰበር የምታገኙት 30 ዶላር ነው። ሕጉ መነሻ የሚያደርገው ሙሉ ዋጋ የሚተካውን «ፉል ቫሊው» ሽፋን ነው፤ 60 ሳንቲሙ የሚጸናው እናንተ ሙሉውን በፊርማ ከተዋችሁ ነው። የትኛው ላይ እንደምትፈርሙ አንብቡ።

ሲያወርዱ እያንዳንዱን ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ፣ የጎደለውንና የተሰበረውን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ማስረከቢያው «ከማንኛውም ተጠያቂነት ነጻ አድርጌያለሁ» የሚል ካለው ሰርዙት፤ እንዲህ ያለ ቃል ማስገባት አይፈቀድላቸውም። የካሳ ጥያቄ ለማቅረብ ከተረከባችሁበት ቀን 9 ወር አላችሁ። ለደላላው ሳይሆን ለጫኙ ድርጅት በጽሑፍ፣ በአደራ ፖስታ ላኩ። በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በ120 ቀን ውስጥ መክፈል፣ ዋጋ ማቅረብ ወይም መከልከል አለበት። ካልተስማማችሁ ግልግል መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እስከ 10,000 ዶላር ላለ ጥያቄ እናንተ ከጠየቃችሁ ድርጅቱ እምቢ ማለት አይችልም።