የተከማቹብንን ስክሪፕቶች መልክ ላስያዙልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በኢንተርኔት ኮርሶችን የሚሰጥ አንድ የዌብ አፕሊኬሽን ከሚያስተዳድሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ይህን ጽሁፍ ያዘጋጀሁት አፕሊኬሽናችንን በውጭ ስክሪፕቶች (ከሌሎች ድርጅቶች መጥተው በገጻችን ላይ በሚሠሩ ፕሮግራሞች) ከመታፈን ያወጡልንን አንዲት የዌብ ዴቨሎፐር በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ ሁሉ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጻፍኩት በራሳቸው ጥያቄ ነው፤ ስለ ሥራቸው ግን በዝርዝር እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ ዝርዝሩም ከሙገሳ ይልቅ ይመሰክርላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ችግራችን በአንድ ጀምበር የመጣ አልነበረም። በመጀመሪያ የጎብኚዎች መቁጠሪያ ገባ፤ ቀጥሎ ሁለተኛ መቁጠሪያ፣ ከዚያም የቻት ሳጥን፣ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች፣ ካርታ፣ የማስታወቂያ ፒክስሎች (ማስታወቂያ አይቶ የመጣ ሰው ገጹ ላይ ምን እንዳደረገ የሚከታተሉ ኮዶች)፣ በመጨረሻም ተጠቃሚው ገጹ ላይ የት የት እንደሚነካ የሚቀርጽ መሣሪያ ተጨመረ። እያንዳንዱ ሲገባ «አንዲት መስመር ኮድ ብቻ ናት» ይባል ነበር። እውነትም አንዲት መስመር ናት፤ ነገር ግን ያቺ መስመር ሌላ ፋይል ትጠራለች፣ የተጠራውም ፋይል በተራው ሌሎችን ይጠራል። ውሎ አድሮ ገጹ በስልክ ሲከፈት ጽሑፉ ይታያል፣ «ትምህርቱን ጀምር» የሚለው ቁልፍ ግን ደጋግመው ቢነኩትም መልስ አይሰጥም የሚል አቤቱታ ይጎርፍልን ጀመር።

አስቀድሞ ያማከርነው ሌላ ባለሙያ ሰርቨራችንን እንድናሳድግ መክሮን ነበር፤ አሳደግን፣ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። ለምን ሊለወጥ እንዳልቻለ ያስረዱን እኚህ ባለሙያ ናቸው። ብራውዘሩ ገጹን የሚያሰናዳው፣ የጣት ንክኪን የሚያስተናግደውና አብዛኛውን ስክሪፕት የሚያስኬደው በአንድ መስመር፣ ማለትም በዋናው ትሬድ ላይ ነው፤ አንድ ሥራ ይህን ትሬድ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ከያዘው ረጅም ሥራ ይባላል፣ እርሱ እስኪያልቅ ድረስም የተጠቃሚው ንክኪ ወረፋ ይጠብቃል። መጨናነቁ ያለው በተማሪው ስልክ ውስጥ ስለነበረ የእኛ ሰርቨር መፍጠን አልፈየደም።

ሥራቸውን የጀመሩት ኮድ በመንካት አልነበረም። አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ያለውን የውጭ ስክሪፕት በሙሉ፣ ስክሪፕቶችን ከአንድ ቦታ ለማስገባት በሚያገለግለው በታግ ማኔጀር በኩል የገባውንም ጭምር፣ በተራ አሰፈሩ፤ ዝርዝሩ 17 ደረሰ። ከዚያም በእያንዳንዱ ትይዩ ማን እንዳስገባው፣ ውጤቱን ማን እንደሚያነበው፣ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚያስፈልግና ተጠቃሚው ምን ሲያደርግ እንደሚያስፈልግ ጠየቁን። ለአራቱ ባለቤት ጠፋ። አንደኛው ከረጅም ጊዜ በፊት ያበቃ የማስታወቂያ ዘመቻ ፒክስል ሆኖ ተገኘ፤ የዘመቻው ኃላፊ የነበረው ሰው ከእኛ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፣ ፒክስሉ ግን በየገጹ መጫኑን ቀጥሏል። ታግ ማኔጀር ዴቨሎፐር ሳያስቸግሩ ስክሪፕት ለማስገባት ያመቻል፤ የማስወጣቱ ኃላፊነት ግን የማን እንደሆነ በእኛ ቤት ማንም አስቦበት አያውቅም ነበር።

የቀሩትን አንድ በአንድ ለኩ። በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ አንዱን የውጭ አድራሻ ይዘጋሉ፣ ገጹን ደጋግመው ይጭናሉ፣ ልዩነቱን ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ከፍተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። መለኪያቸው የራሳቸው ፈጣን ላፕቶፕ ሳይሆን መካከለኛ አቅም ያለው ስልክ ነበር። ግባችንንም በታወቁት የገጽ ጥራት መለኪያዎች ወሰኑልን፦ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ለንክኪ የሚሰጠው መልስ ከ200 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ፣ የገጹ መንሸራተት (ይዘቱ ሳይጠበቅ ቦታ የሚቀይርበት መጠን) ከ0.1 እንዳያልፍ፣ ይህም ከጉብኝቶቹ ቢያንስ በ75 በመቶው እንዲሟላ። የእኛ ሕመም በዋናነት ሁለተኛው ነበር። ይህ አይኤንፒ የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የቀድሞውን ተክቶ የገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ንክኪ መዘግየት ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚው በገጹ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የሚያደርገውን ንክኪ ስለሚመለከት፣ የድሮው ሪፖርታችን አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ተማሪዎቻችን ለምን እንደሚያማርሩ ያኔ ገባን።

ቀጥሎ የአጫጫን ቅደም ተከተል መጣ። ምንም ምልክት ሳይደረግበት በገጹ አናት ላይ የተቀመጠ ስክሪፕት ወርዶ እስኪሠራ ድረስ ብራውዘሩ የገጹን ንባብ ያቆማል። «ኤሲንክ» የተባለው ምልክት ሲጨመርበት ማውረዱ ከንባቡ ጎን ለጎን ይካሄዳል፣ ነገር ግን ፋይሉ እንደደረሰ ወዲያው ስለሚሠራ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል አይታወቅም፤ «ዲፈር» ደግሞ ገጹ ተነቦ እስኪያበቃ ጠብቆ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያስኬዳል። የእኛ ሁለተኛ መቁጠሪያ አልፎ አልፎ ሳይሠራ ይቀር የነበረው በሌላ ፋይል ላይ ተደግፎ ሳለ ሁለቱም ኤሲንክ ተደርገው ስለነበረ ነው። አንድ ጊዜ የሚቀድመው ይቀድማል፣ ሌላ ጊዜ ይቀደማል። ሁለቱን ወደ ዲፈር ሲያዞሯቸው ስንት ስብሰባ ያደረግንበት ችግር በዚያው አበቃ።

ቪዲዮዎቹን በተመለከተ አንዳንድ የትምህርት ገጾቻችን ስድስት ያህል የዩቲዩብ ማጫወቻ ይይዙ ነበር፤ እያንዳንዱም ተማሪው ባይከፍተውም የራሱን ስክሪፕት ያስኬድ ነበር። በማጫወቻው ፈንታ የቪዲዮውን ምስልና የማጫወቻ ምልክቱን ብቻ አስቀምጠው፣ እውነተኛው ማጫወቻ ተማሪው ሲነካው እንዲመጣ አደረጉ። ምስሉ ተራ ሥዕል ሳይሆን በኪቦርድ የሚደረስበትና የስክሪን አንባቢ ስሙን የሚናገረው ቁልፍ እንዲሆን መጠንቀቃቸውን ያወቅሁት አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ሳይቸገር እንደተጠቀመበት ሲጽፍልን ነው። ጉዳቱንም አልደበቁም፤ በአንዳንድ ስልኮች ቪዲዮው እንዲጀምር ሁለተኛ ጊዜ መንካት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ነግረውን ነበር፣ እንዳሉትም ሆነ። ካርታው ተጠቃሚው ወደ እርሱ ሲቃረብ ብቻ እንዲጫን ሲደረግ፣ ለሁሉም አስቀድሞ ልካቸው የተወሰነ ቦታ ስለተከለለላቸው ዘግይተው ሲመጡ ጽሑፉን ወደ ታች መግፋታቸው ቀረ። የቻት ሳጥኑም እንዲሁ ሲነካ የሚጫን ሆነ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ማንም ያልጠየቃቸው ግኝት ነው። አፕሊኬሽናችን ከገጽ ወደ ገጽ ሲኬድ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የማይጫን፣ የሚለወጠውን ክፍል ብቻ የሚቀይር ዓይነት ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ገጹ በተመለሰ ቁጥር ኮዳችን የቻቱን ስክሪፕት እንደገና ይሰካ፣ የቀድሞውንም ሳያጸዳ ይተወው ነበር፤ በመሆኑም አንድ ሰዓት ሲያጠና የቆየ ተማሪ ስልኩ ላይ የአንዱን ስክሪፕት ብዙ ቅጂ ተሸክሞ ይውል ነበር። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ ገጹ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጫናል በሚል ግምት የተሠሩ በመሆናቸው በዚህ ዓይነት አፕሊኬሽን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነው እንዲቀመጡና የተጠቃሚውን ድርጊት የሚያዳምጡበት ኮድ ከገጹ ሲወጣ እንዲዘጋ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። መቁጠሪያውም በተመሳሳይ ምክንያት አንዱን የገጽ ለውጥ ሁለት ጊዜ ሲመዘግብ ቆይቷል። ስለዚህ እርማቱ ከመውጣቱ በፊት የጉብኝት ቁጥራችን በግልጽ እንደሚቀንስ፣ ይህም ደንበኛ ማጣት ሳይሆን የድሮው ቁጥር የተጋነነ መሆኑን የሚያሳይ እንደሆነ በጽሑፍ አሳወቁን። ቁጥሩ ሲወርድ የገበያ ክፍል ባልደረባችን በድንጋጤ ስትደውል ያንን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላት።

በደኅንነቱ በኩል ከጋራ የፋይል ማከፋፈያ እናመጣቸው የነበሩትን ፎንቶችና ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ወደ ራሳችን ሰርቨር አዛወሩ። እኔ «ሌላ ገጽ ላይ ቀድሞ ስለተጫነ ከካሽ፣ ማለትም ብራውዘሩ ያወረደውን ፋይል ከሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ይገኛል» ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ክሮም ከ86ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ካሽን በየድረ ገጹ ስለሚለይ ያ ጥቅም እንደቀረ ነገሩኝ። ፖሊፊል ዶት አይኦ የተባለው አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አዲስ ባለቤት ከዞረ በኋላ ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረው ስክሪፕት ጎጂ ኮድ ማሰራጨቱንም በምሳሌነት አነሡ። ከውጭ መምጣት ግድ ለሆነባቸውና እትማቸው ለማይለወጥ ፋይሎች፣ ይዘቱ ከተለወጠ ብራውዘሩ እንዳያስኬደው የሚያደርገውን የኢንተግሪቲ ምልክት ጨመሩ። የክፍያ ስክሪፕቱ አቅራቢው ከራሱ ሰርቨር ብቻ እንዲጫን ስለሚያስገድድ አልነኩትም፤ በክፍያ ገጽ ላይ ብቻ እንዲጠራ ግን አደረጉ።

ያልተሳካላቸውም ነገር አለ። የተጠቃሚን ንክኪ የሚቀርጸውን መሣሪያ ከዋናው ትሬድ ውጭ፣ በዌብ ዎርከር (ስክሪፕትን ከገጹ ጎን ለጎን በሚያስኬድ የብራውዘር ክፍል) ውስጥ፣ ፓርቲታውን በተባለው ላይብረሪ ለማስኬድ ቀናት ፈጁ፤ መሣሪያው የገጹን እያንዳንዱን ለውጥ መከታተል ስላለበት ቀረጻው እየተቆራረጠ ስላስቸገራቸው ወደ ነበረበት መልሰው፣ ያልሠራበትን ምክንያት ሳይሸፋፍኑ ጻፉልን። በመጨረሻ በጥቂት ጉብኝቶች ላይ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን። በዚህ ምክንያት ሥራው ከተባለው ጊዜ አንድ ሳምንት ዘግይቷል። የሚልኳቸው ደብዳቤዎችም ረጃጅም ናቸው፤ ለማንበብ የማይታገሥ ሰው ይቸገር ይሆናል።

ዛሬ ቁልፉ ሲነካ ይሰማል፤ ስለ እርሱ አቤቱታ ከደረሰን ሰንብቷል። አዲስ ስክሪፕት የሚፈልግ ክፍልም መጀመሪያ ያንን ሠንጠረዥ ሞልቶ የሚነሣበትን ቀን ያስመዘግባል።

ስለዚህ ለእኚህ ባለሙያ በራሴና በባልደረቦቼ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሊያሠሯቸው የሚፈልጉ በውስጥ መልእክት ቢጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚይዙ ተራ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት በገጻችሁ ላይ ያሉትን ስክሪፕቶችና ያስገባቸውን ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ብታሰፍሩ መልካም ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።